ስድሳ አራት ወይስ መቶ ሃያ ስምንት

የእድራችን ሟቾች ስማቸው ሲጠራ ከላፕቶፑ ውስጥ «አለሁ» ማለት የጀመሩት በጥቅምት ወር ነው። ኅዳርም ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ማስታወሻ መያዝ አልጀመርኩም ነበር። ከዚህ በታች ከምጽፈውም ውስጥ በስህተት የማስታውሰው ነገር ሊኖር ይችላል። ቁጥሮቹን ግን ከደብተሬ ነው የገለበጥኳቸው።

በደብረ ብርሃን የላይ ቧንቧ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬ ሃያ ሰባት ነው። ላፕቶፑን እድሩ ያገለገለ ነው የገዛው፤ ትንሽ ነው፣ ከትምህርት ቤት ደብተር ብዙም አይበልጥም። የመያዝ አቅሙ ሠላሳ ሁለት ጊጋባይት ሲሆን ሃያ አንዱን የራሱ ፕሮግራሞች ይዘውታል። ለእኛ የቀረልን አሥራ አንድ ነው።

የወረቀት መዝገቡን ወደ ላፕቶፑ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። በቀይ ስክሪብቶ የተሰመረባቸውን ሟቾችም አብሬ ጻፍኩ፤ ማንን መተው እንዳለብኝ የነገረኝ አልነበረም፣ በራሴ መወሰንም አልፈለግኩም። በመጀመሪያው የእሁድ ስብሰባ ስም ስጠራ ሳላስበው «አጥላባቸው ገድሌ» አልኩ። ጋሽ አጥላባቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ይቅርታ ለመጠየቅ ቀና ስል ላፕቶፑ በጎረነነ ድምፅ «አለሁ» አለ።

ባለቤታቸው እትዬ የንጉሥነሽ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። «አሁንም ጉንፋኑ አልለቀቀውም» አሉ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ላቀው ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ደንብ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። መተዳደሪያ ደንቡን አስነበቡኝ። አንቀጽ ዘጠኝ ስሙ ተጠርቶ የመለሰ ተገኝቷል ይላል። በሕይወት ያለ መሆን አለበት አይልም። ስለዚህ ሟቾቹ ተገኝተዋል ተብሎ ተጻፈ፣ አሠራሩም እንደ ቀድሞው ቀጠለ። እኔ ስም እጠራለሁ፣ ጋሽ ላቀው በከዘራቸው ወለሉን ሦስት ጊዜ ይመታሉ፣ ከሦስተኛው ምት በፊት የመለሰ አለ ይባላል። ምቶቹ በየሦስት ሰከንዱ ናቸው። ለክቼዋለሁ። በተከታታይ ሦስት ስብሰባ ያልመለሰ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ስም ከዚያ በኋላ አይጠራም። በሕይወት ያለ ሰው ከተሰረዘ ድንኳን አይተከልለትም፣ ጥሩምባ አይነፋለትም። የሞተ ሰው ቢሰረዝ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም። ሊሞክረው የፈለገም አልነበረም።

እናቴ አስካለ ወንድይራድ የካቲት አሥራ ሰባት ቀን ሞተች። እኔ ለሁለት ቀን ስልጠና አዲስ አበባ ነበርኩ። ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ጸሐፊ ስለሆንኩ ድንኳን አንድ፣ አግዳሚ ሃያ፣ ድስት አራት ወጥቷል ብዬ ፈረምኩ። ተረካቢ በሚለው ቦታ ላይም የፈረምኩት እኔ ነኝ።

በመጋቢት ስሟን ጠራሁ። ሦስት ምት ተመታ። ስክሪኑ ላይ ቦታ የለም የሚል መልእክት ወጣ። በሚያዝያም እንደዚያው ሆነ። ደብተሬ ላይ «አልተገኘችም፣ ሁለት ጊዜ» ብዬ ጻፍኩ። የቀራት የግንቦት ስብሰባ ነበር።

ችግሩን መረመርኩ። አንድ ሟች ቦታ የሚይዘው ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ ነው። በአማካይ ሁለት መቶ ዘጠና ሜጋባይት ይይዛል። መጠኑ ሰውየው በሕይወቱ ይናገር ከነበረው ጋር አይገናኝም፤ ትልቁን ቦታ የያዙት ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝም ብለው የኖሩት የወፍጮ ቤቱ ጋሽ እንግዳ ናቸው። ሠላሳ ስምንቱ ሟቾች አሥራ አንዱን ጊጋባይት ሞልተውታል። እናቴ ሠላሳ ዘጠነኛ ናት። ላፕቶፑ ግን በጎኑ አንድ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ አለው።

ጉዳዩን ለኮሚቴው አቀረብኩ። ባለ ስድሳ አራት ጊጋባይት ካርድ ሲከፈት ሃምሳ ዘጠኝ እንደሚሆን፣ ይህም ለሁለት መቶ ሦስት ሰው እንደሚበቃ አስረዳሁ።

«በሕይወት ያለነው ስንት ነን?» አሉ ጋሽ ላቀው።

«መቶ ስድሳ ሦስት።»

«ሁላችንም እንገባለን?»

«ትገባላችሁ ጋሼ። ትርፍም አለው።»

«ነገ ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ልጅ ይወለዳል። ተጠባብቀን ልንቀመጥ ነው? መቶ ሃያ ስምንቱ ይገዛ።»

እትዬ የንጉሥነሽ እጃቸውን አወጡ። «እኔ ከባለቤቴ ጎን ነው የምፈልገው።»

«እሳቸው ላፕቶፑ ውስጥ ናቸው፣ እትዬ። ካርዱ ሌላ ነው።»

«እሱ ላፕቶፑ ውስጥ፣ እኔ ካርዱ ውስጥ?» አሉና ወደ ጋሽ ላቀው ዞሩ። «ተፋታን ማለት ነው።»

በቃለ ጉባኤው ላይ መቶ ሃያ ስምንት ተብሎ ተወሰነ። ስለ ፍጥነት የጠየቀ አልነበረም። እኔም አላነሳሁም።

ሐሙስ ዕለት ላፕቶፑን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የሙባረክ ሱቅ ሄድኩ። ሙባረክ የሰው ስልክ ላይ ዘፈንና ፊልም ይጭናል፣ ካርድም ይሸጣል።

«ለምንድን ነው የፈለግከው? ለፊልም ነው ለዘፈን?»

«ለስም ዝርዝር።»

«ለስም ከሆነ ሁለት ጊጋ ይበቃሃል፣ ብሮ።»

«ሰዎቹ ይመልሳሉ።»

ሙባረክ ትንሽ አሰበ። «ይጻፋሉ ወይስ ይነበባሉ?»

«አንዴ ይጻፋሉ። ከዚያ በየወሩ ይነበባሉ።»

«እንግዲያው የምታየው የማንበቢያ ፍጥነቱን ነው» አለና መስታወቱ ላይ ሁለት ካርዶች አስቀመጠ። አንዱ ስድሳ አራት ነው፤ ላዩ ላይ የፈረስ ኮቴ በሚመስል ምልክት ውስጥ ሦስት ቁጥር ተጽፎበታል። ሌላው መቶ ሃያ ስምንት ነው፤ ክብ ውስጥ አራት ተጽፎበታል። «ይሄ ሮጦ ይመጣል፣ ይሄ እያዘገመ ይመጣል። ያንተ ላፕቶፕ ማስገቢያው አሮጌ ስለሆነ በሰከንድ ከሰማንያ ሜጋ በላይ አያነብም። ከዚያ የፈጠነ ብትገዛ ለጌጥ ነው። ያኛው ሃያ ቢያነብ ነው።»

በደብተሬ ላይ አካፈልኩ። ሁለት መቶ ዘጠና ሜጋባይት የሚይዝ ሰው በስድሳ አራቱ ካርድ ከአራት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመልሳል። በመቶ ሃያ ስምንቱ አሥራ አራት ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል። የጋሽ ላቀው ሦስተኛ ምት ዘጠነኛው ሰከንድ ላይ ነው።

«ፈጣን መቶ ሃያ ስምንት የለህም?»

«ነበረኝ። ትናንት አንድ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ወሰደው።»

«መቼ ይመጣል?»

«ሲመጣ።»

«ፎርጅድ አይደለም ይሄ?»

«እኔን ታውቀኛለህ፣ ብሮ።»

«አላውቅህም።»

«ይኸው ተዋወቅን።»

መስታወቱ ፊት አርባ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። ሙባረክ በመካከሉ ለሦስት ሰዎች ዘፈን ጫነ። ከዚያ ስድሳ አራቱን ገዛሁ። ደብተሬ ላይ ምክንያት በሚለው ቦታ «ፍጥነት» ብዬ ጻፍኩ። የእናቴን ስም አልጻፍኩም።

ቅዳሜ ካርዱን አስገብቼ የስም ዝርዝሩ ካርዱን እንዲጠቀም አስተካከልኩ። ፕሮግራሙ የቤተሰብ ስም የትኛው ነው ብሎ ጠየቀኝ። የተሠራው ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም በሚይዝበት አገር ነው። እኛ እንዲህ ያለ ስም የለንም፤ ባዶ ልተወው ስል እንቢ አለኝ። የአባት ስም ነው ብዬ መለስኩ። ከዚያ የሦስት ሰዎችን ስም አወጣሁና የፊደል ስህተት እንደሌለበት አረጋገጥኩ። የፊደል ስህተት አልነበረበትም። ፕሮግራሙ ግን የአባትን ስም ወደ ፊት፣ የልጁን ወደ ኋላ አድርጎ ዝርዝሩን በዚያ ቅደም ተከተል አሰልፎታል። ይህን አላየሁም።

እሁድ ስብሰባው ሲጀመር ስክሪኑ ላይ እንዳለው «ሀብተየስ ማናህሎት» ብዬ ጠራሁ። ልብስ ሰፊው ማናህሎት ሀብተየስ ለመመለስ አፉን ከፈተ። ከላፕቶፑ የማናውቀው የሽማግሌ ድምፅ «አለሁ» አለ። ማናህሎት አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«አባዬ ነው» አለ ቆይቶ። «በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው የሞተው። እዚህ ከተማ መጥቶ አያውቅም።»

ላቁም ወይ ብዬ ጋሽ ላቀውን ጠየቅኋቸው። አንቀጽ ሰባት የተጀመረ ጥሪ አይቋረጥም፣ ዝርዝሩም እንደተጻፈ ይጠራል ይላል። «ቀጥል» አሉ። ቀጠልኩ። አባቶቹ አንድ በአንድ መለሱ። አግዳሚዎቹ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ያዳምጡ ነበር፤ አንዳንዱ ሲጠራ ተነሥቶ ይቆማል፣ አባቱ ሲመልስ ይቀመጣል። ከአንድ ሰው በቀር። እሱ አባቱ በሕይወት አሉ፣ ላፕቶፑም ዝም አለ። በማግስቱ እንደነገረኝ አባቱ በዚያች ሰዓት ቤታቸው ተቀምጠው ሳሉ ማንም ሳይጠራቸው «አለሁ» ብለዋል፣ ሚስታቸውም ለማን እንደሚመልሱ ጠይቀዋቸዋል።

«ወንድይራድ አስካለ» አልኩ።

አንድ ምት። ሁለት ምት። ከዚያ የወጣት ወንድ ድምፅ «አለሁ» አለ።

አያቴን አላውቀውም። ጨው ከጫነ መኪና ላይ ወድቆ ሲሞት ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፣ እናቴ ደግሞ አራት ዓመቷ ነበር። ከእሱ የምታስታውሰው ትከሻውን ብቻ ነው። «እዚያ ላይ ሆኜ የሰው ጣሪያ አይ ነበር» ትለኝ ነበር። አሁን በዕድሜ በሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ። አንቱ ልበለው ወይስ አንተ ስል ቆየሁና እዚህ ላይ አንተ ብዬዋለሁ።

ጥሪው ሲያልቅ ካርዱ ላይ የቀረው ቦታ ሰማንያ ሜጋባይት ነበር። አባቶቹ ከእኛ ሟቾች ትንሽ ይከብዳሉ፣ በአማካይ ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ይሆናሉ።

ጋሽ ላቀው ሰዉ ከወጣ በኋላ አስቀሩኝ።

«የወሰንነው ስንት ነበር?»

«መቶ ሃያ ስምንት።»

«የገዛኸውስ?»

«ስድሳ አራት።»

«ለምን?»

«ለፍጥነት፣ ጋሼ።»

ከዘራቸውን ከግራ እጃቸው ወደ ቀኝ አዛወሩት። «ለእናትህ ይሄ ስንተኛ ጥሪዋ ነበር?»

«ሦስተኛዋ።»

በከዘራቸው ተደግፈው ወጡ።

ኮሚቴው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀመጠ። የአባት መልስ ለልጅ አይቆጠርም፣ ስለዚህ የግንቦቱ ጥሪ በሚቀጥለው እሁድ ይደገማል ተባለ። ካርዱ ላይ ለራሱ ቦታ የሚፈልግ አባል የራሱን አባት በራሱ እጅ ይሰርዛል፣ የተለቀቀው ቦታም በሰረዘው ሰው ስም ተይዞ ይቆያል፤ ለሌላ አይተላለፍም። ወላጁ የሞተችበት ልጅ በወላጁ ምትክ መሰረዝ ይችላል። ሌላ ካርድ መግዛት የመስከረሙን ጠቅላላ ጉባኤ ይጠብቃል። ሁሉንም በቃለ ጉባኤ ጻፍኩ። ወላጁ የሞተችበት የሚለውን ስጽፍ ማንም ወደ እኔ አላየም።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በእድሩ ቤት ተቀመጥኩ። ሰዎች ድንኳኑና ድስቶቹ መካከል ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። ማናህሎት የመጣው ሰኞ ነው።

«መጀመሪያ አንዴ ጥራልኝ።»

ጠራሁለት። «አለሁ» አለ ላፕቶፑ።

«ማናህሎት ነኝ» አለ ጎንበስ ብሎ። ጠበቀ። «ሌላ አይልም?»

«አይልም።»

«ዱሮም እንዲሁ ነው» አለ። ጣቱን ኮቱ ላይ ጠረገና የመሰረዣውን ቁልፍ ተጫነ። ሦስት መቶ ሦስት ሜጋባይት ተለቀቀ። ሲወጣ የድንኳኑ ብረት አደናቀፈው፣ ይቅርታ አለው።

እትዬ የንጉሥነሽ አባታቸውን መሰረዝ አልፈለጉም። «ባለቤቴ አጠገብ ካልሆነ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ለሌላው ተራቸውን ለቀቁ። ጋሽ ላቀው ሐሙስ መጡ። አባታቸውን አስጠሩኝ፣ ድምፁ ሲሰማ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጥቂት ቆይተው መልሰው አደረጉት።

«ይሰረዙ፣ ጋሼ?»

«እኔ ቆሜም ቢሆን እጠብቃለሁ» አሉና ወጡ።

እስከ ቅዳሜ ሰማንያ ስምንት አባቶች ተሰረዙ። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ሰልፉ አለቀና የእኔ ተራ ደረሰ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ወንድይራድን ከሰረዝኩ ለእናቴ ቦታ ይኖራል፣ በማግስቱም ትመልሳለች። ካልሰረዝኩ ሦስተኛ ጊዜ ትቀራለች፣ ስሟ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ አይጠራም። እሱን አላውቀውም። ከእሱ የሰማሁት አንድ ቃል ነው። ምልክት አደረግኩበት። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ።

ከእያንዳንዱ ስረዛ በፊት መጠኑን ደብተሬ ላይ እመዘግብ ነበር። የእሱንም ለመመዝገብ አየሁት። እስከዚያ ድረስ ከአባቶቹ ሁሉ የሚከብደው ሦስት መቶ አርባ አንድ ነበር። የወንድይራድ አምስት መቶ ሰባ ሰባት ይላል።

ያየሁት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ካርዱን አወጣሁ፣ ጫፉን በላጲስ አጸዳሁ፣ መልሼ አስገባሁት። አምስት መቶ ሰባ ሰባት። በሰማንያ ሳካፍለው ሰባት ሰከንድ ከጥቂት ሆነ፤ ከሁለተኛው ምት በኋላ የመለሰው ለዚህ ነበር። ለሁለት ሳካፍለው ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ተኩል መጣ፤ ይህንንም ጻፍኩ። ከዚያ ለጥያቄው መልስ ሳልሰጥ የላፕቶፑን ክዳን ዘጋሁት። በደብተሬ ላይ የዚያ ቀን ምክንያት የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

እሁድ ቅደም ተከተሉን አስተካክዬ፣ የራስን ስም ከፊት አድርጌ ጠራሁ። ለቃለ ጉባኤው እንዲረዳኝ ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሰዎች እንደ ወትሮው መለሱ። ያልመጡት ላይ ሦስት ምት ተመታና አለፍን።

«አስካለ ወንድይራድ» አልኩ።

የማስታውሰው እንዲህ ነው። አንድ ምት። ሁለት ምት። ከዚያ ላፕቶፑ ውስጥ አንድ ነገር ከትከሻ ላይ ወደ መሬት ሲወርድ ተሰማ፤ ጨርቅ ተፋተገ፣ አንድ ሰው ተነፈሰ። ቀጥሎ በጣውላ ወለል ላይ የሚራመዱ ትናንሽ እግሮች ተሰሙ። የእድራችን ቤት ወለል ሲሚንቶ ነው። እግሮቹ እየቀረቡ መጡ። ሦስተኛው ምት ተመታ፣ ከምቱ ጋር እኩል አንዲት ሕፃን ልጅ «አለሁ» አለች።

የማውቀው ድምፅ አልነበረም። ማወቅ የምችለውም አልነበረም።

ጋሽ ላቀው «ጻፍ» አሉ። ተገኝታለች ብዬ ጻፍኩና የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ።

ማክሰኞ ዕለት ቃለ ጉባኤውን ለማዘጋጀት ቅጂውን አዳመጥኩ። በዚያ ቀን ያልመለሱ ሰዎች አርባ አንድ ናቸው፣ ሦስተኛ ምትም አርባ አንድ ጊዜ ተመትቷል። ቆጥሬዋለሁ። በእናቴ ስም ላይ የመጀመሪያው ምት በሦስተኛው ሰከንድ፣ ሁለተኛው በስድስተኛው ይሰማል። ልጅቷ «አለሁ» ያለችው አሥራ ሰባተኛው ሰከንድ ላይ ነው። ሦስተኛ ምት የለም። ጋሽ ላቀውን ስለዚህ አልጠየቅኋቸውም።

ቅጂውን በሌላ ስልክ፣ ከዚያም በሙባረክ ኮምፒውተር ደግሜ ሰማሁት፣ እስከ ስብሰባው መጨረሻ ድረስ፣ በጆሮ ማዳመጫ። እግሮቹ ሲመጡ ይሰማል። ሲመለሱ አይሰማም።